ስለ ዲጂታል ዜግነትና ስለ ክረምት በጎ ፈቃደኞች አደራ

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ፊደል የቈጠረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ደብዳቤ የመጣለት ባላገር ወደ ደብተራ ወይም ወደ መሪጌታ ሄዶ ያስነብብ ነበር። መልስ መስጠት ሲፈልግም ቃሉን እየተናገረ ያስጽፍ ነበር። ያ ጸሐፊ የሰውየውን ዕዳና ሀብት፣ የቤቱን ኀዘንና የልጆቹን ነገር ሁሉ ያውቅ ነበር። ከተጻፈው ቢያጐድል፣ ያልተጻፈውን ቢጨምር፣ ወይም የሰማውን ምሥጢር በገበያ ቢያወራ፣ ማንበብ የማይችለው ባለ ደብዳቤ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ የጸሐፊ ሥራ የሚመዘነው በእጅ ጽሕፈት ማማር ብቻ ሳይሆን በአደራ ጠባቂነትም ነበር።

ዛሬ ደብዳቤው በስልክ ይመጣል። በታች ጋይንት ወረዳ በአርብ ገበያ ከተማ ዙሪያ፣ እንዲሁም በላይ ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ባሉት ቀበሌዎች፣ የእጅ ስልክ ይዞ ማንበብ የማይችል ሰው አለ፤ ማንበብ ችሎም የስልኩን ሥርዓት የማያውቅ አለ። መልእክት በገባ ጊዜ ስልኩ ለልጅ ወይም ለጎረቤት ተማሪ ይሰጣል፤ «አንብብልኝ» ይባላል፤ «ገንዘቡን ላክልኝ» ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜም የምሥጢር ቍጥሩ ጭምር ይነገረዋል። እንግዲህ የጸሐፊነት ሥራ አልቀረም፤ ባለ ሥራው ብቻ ተለወጠ። ደብተራው ይይዘው የነበረው አደራ በተማሪው እጅ ገባ። ዲጂታል ዜግነት የሚባለው ትምህርት ለባላገር ሕዝብ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የቃሉ ትርጓሜ

ዜግነት ሲባል ሰው በአገሩ ውስጥ ያለው መብትና ያለበት ግዴታ ይታሰባል። ዲጂታል የሚባለውም ጽሕፈትን፣ ድምፅንና ሥዕልን ወደ ቍጥር ለውጦ በስልክና በኮምፒዩተር የሚያከማች፣ ከቦታ ወደ ቦታም የሚያስተላልፍ ጥበብ ነው። ስለዚህ ዲጂታል ዜግነት ማለት ሰው በዚህ ጥበብ ሲጠቀም መብቱን ዐውቆ፣ የሌላውንም መብት አክብሮ፣ ራሱንና ጎረቤቱን ከጉዳት ጠብቆ መኖር ማለት ነው።

የአውሮፓ ምክር ቤት የተባለው የመንግሥታት ማኅበር ይህን ትምህርት በዐሥር ክፍል ከፍሎ፣ ዐሥሩንም በሦስት ወገን ሰብስቧቸዋል። በመጀመሪያው ወገን ያሉት፣ ሰው ሁሉ በጥበቡ ለመጠቀም ዕድል ማግኘቱ፣ መማርና አዲስ ነገር መፍጠር፣ ወሬንና ጽሑፍን መርምሮ መረዳት ናቸው። በሁለተኛው ወገን ያሉት ግብረ ገብነትና ለሰው ማዘን፣ የአካልና የአእምሮ ጤንነት፣ በኢንተርኔት ላይ ያለ አነጋገርና መልካም ስም ናቸው። በሦስተኛው ወገን ያሉት በኅብረት ጉዳይ መሳተፍ፣ መብትና ግዴታ፣ የግል ምሥጢርና ደኅንነት፣ በግዢ ጊዜ መጠንቀቅ ናቸው። ይኸው ማኅበር 2025 እ.ኤ.አ. የዚህ ትምህርት ዓመት እንዲሆን ሠይሞት ነበር።

ይህን ዝርዝር ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። ከዐሥሩ ክፍሎች አብዛኞቹ የመሣሪያ ትምህርት አይደሉም። ምሥጢር መጠበቅ፣ የሰው ስም አለማጕደፍ፣ ወሬን መመርመር፣ ለደካማ ማዘን፣ እነዚህ ሁሉ ሽማግሌዎች ስልክ ሳይኖር ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ነው። ስለዚህ ስልክ መንካት የማያውቅ ሽማግሌ «ይህ የልጆች ነገር ነው» ብሎ ከጉባኤው ሊርቅ አይገባውም። ወጣቱ የመሣሪያውን አያያዝ ያውቃል፤ ሽማግሌው የአደራን ነገር ያውቃል፤ ትምህርቱም የሚሞላው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ከልዩ ልዩ አገር ስለ ተሰበሰቡ ተማሪዎች

በዓለም ላይ ወጣቶችን በዕረፍታቸው ወራት ሰብስቦ ይህን የመሰለ ጥበብ ማስተማር የተለመደ ሆኗል። አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ጉባኤ ተደርጎባታል። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በአንድነት ባቋቋሙት ሥራ፣ ከ34 የአፍሪካ አገሮች የመጡ ከ80 በላይ ልጃገረዶች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ዐሥር ቀን ያህል ተማሩ። የተማሩትም ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍበትን ቋንቋና ይህን የመሰለውን ጥበብ ነበር። በዚህ ጥበብ ሴቶች ወደ ኋላ መቅረታቸው ስለ ታወቀ፣ ጉባኤው ለልጃገረዶች ብቻ የተለየ ሆነ።

ከዚያም በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ለ17ኛ ጊዜ በአዲስ አበባ ተደረገ። በዚያም የመንግሥታት መልእክተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ሊቃውንትና ወጣቶች ኢንተርኔት ለሰው ሁሉ የሚዳረስበትንና ሰው ከጉዳት የሚጠበቅበትን መንገድ ተመካከሩ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ፣ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የኮምፒዩተርን ጥበብ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ እንዲማሩ የታሰበውን ሥራ ጀመረ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የዐሥር ቀን ጉባኤ በዐሥረኛው ቀን ይበተናል። በጉባኤ የተሰጠ ዕውቀት የአገር ሀብት የሚሆነው ተማሪው ወደ መንደሩ ተመልሶ ለሌላው ያካፈለው እንደ ሆነ ነው። ለዚህም ከአርብ ገበያ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ጋፋት ምስክር ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት፣ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ጥበብ ሰዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም ከዚያ ወጥቶ በጋይንት በኩል እስከ መቅደላ ተጓዘ። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ የውጭ አገር ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተመለሱ፤ የጋፋትም ሥራ በዚያው ቀረ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ፤ የጋፋት ማቅለጫ ግን ተከታይ አላገኘም። ከመምህሩ ጋር የሚሄድ ጥበብ እንዲህ ነው።

የተገላቢጦሹ ምሳሌም አለ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር እየሄዱ ገበሬውን በመንደሩ ፊደል አስቈጠሩት። ትምህርቱም ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ስለዚህ ሥራ ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ያን ጊዜ በእርሳስ ስሙን መጻፍ የተማረ ሰው መምህሩ ከሄደ በኋላም ስሙን መጻፍ አልተወም። የዛሬው የክረምት በጎ ፈቃደኛም ሥራው የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ከሄደ በኋላ በመንደሩ የቀረው ምንድን ነው? ተብሎ ይጠየቃል።

በክረምት ማስተማር እንዴት ይሆናል

በአውሮፓ የዕረፍቱ ወራት የፀሐይ ወራት ነው። በጋይንትና በስማዳ ግን ተማሪው የሚያርፍበት ክረምት ለገበሬው የሥራ ወራት ነው። ሰኔና ሐምሌ የእርሻና የዘር ጊዜ ነው፤ ነሐሴ የአረም ጊዜ ነው፤ ወንዞች ይሞላሉ፤ መንገድ ይጨቀያል። ሰማዩ ስለሚደምን በፀሐይ ኃይል ስልክ መሙላትም ያስቸግራል። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው በከተማ የተማረበትን ሰዓትና ሥርዓት እንዳለ ወደ መንደር ቢያመጣው ሰሚ አያገኝም።

ትምህርቱ በገበሬው ጊዜ ሊሰጥ ይገባል። በዓል ሲውል፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ በዕድር ወይም በማኅበር ሲሰበሰብ፣ ደግሞም በዓርብ ገበያ ቀን ጥቂት ጊዜ ይበቃል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነገር፤ እርሱም በእጅ ተሠርቶ ይታይ። ለሴቶችም የተለየ ጊዜና የምታስተምር ልጃገረድ ቢዘጋጁ ይሻላል። አንዲት እናት ስለ ገንዘብዋና ስለ ቤትዋ ምሥጢር ለማታውቀው ወጣት በሰው ፊት ላትናገር ትችላለች፤ ለአንዲት ተማሪ ልጅ ግን ትናገራለች።

የስልክ ጸሐፊ አራት ሕጎች

ለሌላ ሰው ስልክ የሚያነብ ተማሪ ወይም በጎ ፈቃደኛ አስቀድሞ አራት ሕጎችን ሊማር ይገባዋል።

1ኛ፤ የተጻፈውን ሁሉ ያንብብ። የሚያስደስተውን ብቻ መርጦ አያንብብ፤ የራሱን አሳብም አይጨምር። አሳቡን ሲጠየቅ፣ «ይህ ጽሑፉ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኔ አሳብ ነው» ብሎ ለይቶ ይናገር።

2ኛ፤ ከማን እንደ መጣ ይናገር። ቀድሞ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ያጠራጥር እንደ ነበረ፣ ዛሬም የላኪው ቍጥር ሳይታይ መልእክቱ አይታመን።

3ኛ፤ ያነበበውን ምሥጢር ይጠብቅ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደ ተባለ፣ በስልክ የተላለፈ ቃልና ሥዕልም ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም።

4ኛ፤ ባለ ስልኩ ያልተረዳውን ነገር በእርሱ ስም አይጫን፣ አይላክ። «እሺ» የሚለውን መጫን በወረቀት ላይ እንደ መፈረም ነው። በሌላው ጣት ፋንታ መፈረም ደግሞ ቀድሞም ነውር ነበር።

ስለ ገንዘብ

በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ በሩቅ አገር የሚሠራ ልጅ ለወላጆቹ ገንዘብ በስልክ መላክ ተችሎታል። ገንዘብ ባለበት ግን ሌባም አይታጣም።

ለምሳሌ ያህል፣ ልጃቸው በመተማ በቀን ሥራ ላይ ያለ አንዲት እናት ዓርብ ቀን ለገበያ ወጥተዋል እንበል። በዚያ ሰዓት መልእክት ይገባል፤ ወዲያውም አንድ የማይታወቅ ሰው ደውሎ፣ «በስሕተት 2000 ብር ልኬልዎታለሁ፤ የድኻ ገንዘብ ነውና ቶሎ ይመልሱልኝ» ይላቸዋል። እናትየዋ እግዚአብሔርን ስለሚፈሩ የሰው ገንዘብ በእጃቸው እንዲያድር አይወዱም። ስልኩን ለተማሪው ይሰጡና፣ «ልጄ፣ በል መልስለት» ይላሉ። ሌባው የሚያጠምደው ስስትን ብቻ አይደለም፤ ቅንነትንም ያጠምዳል።

ሕጉን የተማረ ተማሪ በዚህ ጊዜ አይቸኩልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። «እማማ፣ ይህ መልእክት የመጣው ከ127 አይደለም፤ ከአንድ ሰው ቍጥር ነው። አስቀድመን ሒሳብዎን እንይ» ይላል። *127# ተብሎ ሲደወል ዝርዝሩ ይመጣል፤ የምሥጢር ቍጥሩንም እናትየዋ ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ተማሪው ፊቱን ያዞራል። ሒሳቡ ያልተጨመረ እንደ ሆነ መልእክቱ ሐሰት ነው። በእውነት በስሕተት የመጣ ገንዘብ ቢሆንም፣ ነገሩ በአገልግሎት ሰጪው በኩል ይጣራል እንጂ በደዋዩ ጥድፊያ አይፈጸምም።

እዚህ ላይ ታላቁ ነገር ተማሪው ፊቱን ማዞሩ ነው። የቴሌብር የምሥጢር ቍጥር 6 አኃዝ ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰውም ከ0 እስከ 9 ያሉትን ዐሥር አኃዞች በመልካቸውና በስልኩ ላይ ባሉበት ቦታ መለየት በጥቂት ምሽት ሊማር ይችላል። እነዚህን ዐሥር ምልክቶች ያወቀች እናት የምሥጢር ቍጥርዋን ለማንም መንገር አያስፈልጋትም። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው በመንደር የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ ሳይሆን ስለ ዐሥሩ አኃዝ ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ መታወቂያ

ፋይዳ የተባለው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ በዐዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገ ነው። በምዝገባው ጊዜ የጣት አሻራ፣ የዐይንና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ ለተመዝጋቢውም 12 አኃዝ ያለው የራሱ ቍጥር ይሰጠዋል። ምዝገባው ያለ ክፍያ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ሊጠየቅ ይገባል።

ሰው የምሥጢር ቍጥሩ ቢታወቅበት ይለውጠዋል፤ ጣቱንና ዐይኑን ግን አይለውጥም። ስለዚህ መታወቂያውን ፎቶ አንሥቶ ለማያውቁት ሰው መላክ፣ ወይም በራስ ስም የወጣ የስልክ ቍጥር ለሌላ ማዋስ፣ ኋላ ባልሠሩት ሥራ ያስጠይቃል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰው የግል መረጃ ያለ ሕግ እንዳይሰበሰብና እንዳይሰጥ ያዝዛል። ይህ መብት በጽሑፍ መኖሩ መልካም ነው፤ ባለ መብቱ «ይህን ለምን ትፈልገዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ካልለመደ ግን መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለ ወሬ

ከገንዘብ መጥፋት የሚከፋ የደም መፍሰስ ነው። በሁከት ጊዜ አንድ የሐሰት ቃል ወይም ከሌላ ዘመንና ከሌላ አገር የተወሰደ ሥዕል ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጋድል ይችላል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1185/2012፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ ሐሰተኛ ቃል የሚያሠራጨውን ሰው ይቀጣል። ስለዚህ «እኔ ከሌላ የመጣልኝን አሳለፍሁ እንጂ አልፈጠርሁትም» ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜም ቢሆን ወሬ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ እውነቱን ከሩቅ ጠይቆ ማጣራት ግን ያን ጊዜ ይልቁን ይከብዳል። እንግዲህ ወሬን የመመርመር ልማድ ኢንተርኔት ሲመጣ የሚጀመር፣ ሲሄድም የሚቀር ሊሆን አይገባውም።

ይህን ልማድ አገሩ ከጥንት ያውቀዋል። በአውጫጭኝ ሸንጎ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲፈለግ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ያየ ያየውን፣ የሰማም ከማን እንደ ሰማ እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። ማየትና መስማት አንድ ሆነው አይቈጠሩም ነበር። በጎ ፈቃደኛው ይህንኑ ጥያቄ ወደ ስልክ ያምጣው፤ ይህን ማን አየ? ማን ተናገረ? መቼና የት ሆነ? ሌላ ምስክር አለው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ እስኪያገኙ ድረስ ቃሉ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ስልክ አይለፍ። ሽማግሌዎችም የአውጫጭኝን ሥርዓት ለወጣቶቹ በዝርዝር ቢነግሯቸው፣ ከየትኛውም አገር መጽሐፍ ይልቅ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል።

መምህራንና ሽማግሌዎች ሊያደርጉት የሚገባ

እንግዲህ ክረምት ሳይገባ መምህሩ ከተማሪዎቹ መካከል በአደራ ጠባቂነታቸው የታወቁትን ይምረጥ። ምርጫው በፈተና ውጤት ብቻ አይሁን፤ ወሬ የማይወድ፣ ሰው የማይንቅ፣ ያላወቀውን «አላውቅም» የሚል ልጅ ይመረጥ። ሴቶችና ወንዶች እኩል ይሁኑ። አራቱን ሕጎች በሽማግሌዎች ፊት ያጥኑ፤ በፊታቸውም እንዲጠብቁ ቃል ይግቡ። ቃል የተገባበት ሽማግሌ ደግሞ ኋላ አደራ የበላ ቢገኝ ይጠይቃል። በዚህ ዓይነት ልጁ ዕውቀቱን ይዞ ሲመጣ ሽማግሌው ዳኝነቱን ይዞ ይጠብቀዋል።

ከከተማ ወይም ከውጭ አገር ጉባኤ የተመለሰ በጎ ፈቃደኛ ቢገኝም፣ ከእነዚህ ልጆች ጋር ይሥራ እንጂ ብቻውን አይሥራ። እርሱ በጳጉሜን ይሄዳል፤ ልጆቹ ግን በመስከረምም በዚያው ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለ፣ አንዱ የተማረው ለብዙ ሲካፈል ይቀላል።

የቀድሞው ደብተራ ደብዳቤ አንባቢ ሆኖ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችል ነበር፤ ባላገሩም ዕድሜ ልኩን ወደ እርሱ ይመላለስ ነበር። የዛሬው የስልክ ጸሐፊ ግን ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ሊሠራ ይችላል። በመጀመሪያው ክረምት ለጎረቤቱ አንብቦ፣ ዐሥሩን አኃዝ አስተምሮ፣ የላኪውን ቍጥር መመልከትን ካስለመደ፣ በሚቀጥለው ክረምት ያቺ እናት ስልኩን ለእርሱ ሳትሰጥ ራስዋ ትመለከታለች። ያን ጊዜ ጸሐፊው ሥራውን አጣ አይባልም፤ አደራውን ለባለቤቱ መለሰ ይባላል እንጂ።